ቼኳ በራች

ላፍቶ ላይ የመኪና ኮፈን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ብቻውን የቆመ ሰው አላየሁም። መጀመሪያ የግቢው ዘበኛ ይመጣል። ቀጥሎ ባጃጁን ጥግ አስይዞ የሚወርድ ልጅ፤ ከዚያ ሱቅ ተልኮ መላኩን የረሳ ሕፃን፤ ከዚያ ደግሞ «እኔ እንኳ ስለ መኪና ብዙም አላውቅ» ብሎ ጀምሮ እግራችን እስኪደነዝዝ የሚያስረዳን ጡረተኛ ጎረቤታችን። በዚህ ከተማ ዋጋው ያልጨመረው ምክር ብቻ ስለሆነ በምክር ማንም አይሰስትም።

እኛ ግቢ ሰው የሚሰበሰበው በአማቼ ሴሊካ ዙሪያ ነው። አማቼ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዕድሜው ለትዳር ደረሰ፣ ደመወዙ ግን ለሴሊካ ዋለ። መኪናዋ ቀይ ናት፣ ባለሁለት በር፣ እ.ኤ.አ. የ2000 ሞዴል፣ ሞተሯ 1.8 ሊትር። የኋላ ወንበርም አላት ይባላል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ አገጩን እየነካ ስለሚሄድ አማቴ «ይቺ የላጤ መኪና ናት፤ ብታገባም ልጅ የምታስቀምጥበት የለህም» ብለው ከፈረዱባት ቆይተዋል።

ዘሯ ግን ከትልቅ ቤት ነው። ቶዮታ የመጀመሪያዋን ሴሊካ እ.ኤ.አ. በ1970 አወጣ፤ ሰባት ትውልድ ከቆጠረ በኋላ በ2006 ማምረቱን አቆመ። አያቶቿ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ በሳፋሪ ራሊ ጭቃና አቧራ ላይ፣ በ1984፣ በ1985 እና በ1986 ተከታትለው አንደኛ ወጥተዋል። ስፔናዊው ካርሎስ ሳይንዝም በ1990 የዓለም የራሊ ሻምፒዮን የሆነው በሴሊካ ነው። አማቼ ይህን ታሪክ በቃሉ ይወጣዋል። የላፍቶዋ የልጅ ልጅ ግን ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ያለችውን አጭር ኮብልስቶን ስታልፍ፣ መሃል ላይ ካለው ጉብታ ጋር ሆዷ ሲፋቅ ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ጉብታውን መንግሥት አልሠራውም። ልጆቻቸው መንገድ ላይ የሚጫወቱባቸው ጎረቤቶች ሲሚንቶ አዋጥተው የሠሩት ነው፤ ቁመቱንም የወሰኑት ገልባጭ መኪና አስበው ነው።

የዚህ ሁሉ ስብሰባ ምክንያት ቼክ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያላት ብርቱካናማ መብራት አለች። አንድ ጠዋት በራች። መኪናዋ ጋራዥ ሄደች፣ መብራቷ ጠፋች፤ ሰንበት ሳይገባ ተመልሳ በራች። እንደገና አጠፏት፣ እንደገና በራች። መኪናዋ ትሄዳለች፣ አትንተፋተፍም፣ አትጨስም። ቤንዚን ግን ከበፊቱ ይልቅ ትጠጣለች፤ ጠዋት ስትነሳም ግቢውን ቤንዚን ቤንዚን ታሸተዋለች።

ዘበኛው ወዲያው «ነዳጁ ነው፤ ውሃ ቀላቅለውበታል» አለ። የባጃጁ ልጅ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለን አሥር ደቂቃ እንድናቆየው አዘዘ፤ አደረግነው፤ መብራቷ ጠፋች፣ ሬዲዮውም የያዛቸውን ጣቢያዎች በሙሉ ረሳ፤ ቼኳ ግን በኋላ አስታውሳ በራች። ጡረተኛው ሃያ ዓመት የነዱትን ዲኤክስ አነሱ። «ዲኤክስ ላይ እንዲህ ያለ መብራት የለም። ሲበላሽ ይቆማል፤ ሲቆም መበላሸቱን ታውቃለህ።» ይህን የሚያስተባብል መልስ እስካሁን አላገኘሁም። አማቴ በበኩላቸው ምርመራ አላስፈለጋቸውም። «ቀይ መኪና አሸብርቆ መንደር ለመንደር ሲያሳይ የሰው ዓይን ምን ይሁን ብሎ ነው?» አሉና በማግስቱ ከሐና ማርያም ጸበል አምጥተው ኮፈኑ ላይ ረጩ። አማቼ ሞተሩ ላይ እንዳያርፍ ኮፈኑን በሁለት እጁ ተጭኖ «አሜን» ይል ነበር።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ሳይጣላ የተስማማበት አለ፣ እሱም እውነት ነው። ቼክ በርታ ጸጥ ካለች ጊዜ አለ፤ ጋራዥ እስኪደረስ ይነዳል። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ጥግ ይዞ ማቆም ነው። ያኔ አንዱ ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ካታላይዘር ጋ ደርሶ እዚያ ይነዳል፣ ካታላይዘሩንም ያቀልጠዋል። ካታላይዘር ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ። ስማቸውን ስትሰሙ ዋጋውን መጠየቅ ትተዋላችሁ።

ይህች መብራት ለሹፌሩ ታስባ የተፈጠረች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥሯ ግን ካሊፎርኒያ ነው። የሎስ አንጀለስ ሰማይ በመኪና ጭስ ታፍኖ ሰዉ ዓይኑን እያሸ ሲቸገር፣ የግዛቲቱ የአየር ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መኪኖች የገዛ ጭሳቸውን ራሳቸው እንዲከታተሉ አስገደደ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ባለ16 ፒን ሶኬትና ለሁሉም አንድ የሆነ የኮድ አሠራር እንዲኖረው ተደረገ። አውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች። ደንቡ ብዙ ዝርዝር አለው፤ ዋናው ሐሳብ ግን የመኪናዋ ብክለት ከተፈቀደላት አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል ብላ ኮምፒውተሯ ስትሰጋ መብራቷን ታብራ የሚል ነው።

አሁን ይህን ይዛችሁ በሥራ መውጫ ሰዓት ከጀሞ ወደ ላፍቶ በሚመጣው መንገድ ላይ ከእኛ ጋር ተሰለፉ። ፊት ለፊታችን አሸዋ የጫነ ገልባጭ አለ። ባጓራ ቁጥር የሚለቀው ጥቁር ጭስ መስታወታችንን ያለብሰዋል፤ እኛ መስኮት እንዘጋለን፣ ሙቀቱ ሲበዛ እንከፍታለን፣ እንዘጋለን። ገልባጩ ላይ የበራ ምንም መብራት የለም፤ የኋላ ፍሬን መብራቱም ጭምር። ከሥሩ የቆመችው ሴሊካ ግን «አየሩን ትንሽ ሳልበክል አልቀረሁም» ብላ ብርቱካናማ መብራቷን አብርታ ትጨነቃለች። ካሊፎርኒያ ሆና ቢሆን ይህ ጨዋነት ዋጋ ያገኝ ነበር።

ድሮ ቢሆን ሽጣትና ተገላገል እለው ነበር። አሁን ግን አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የሀብታም ጨዋታ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ከእንግዲህ ቅርስ ናት» ይለኛል አማቼ። ቅርስ ከሆነች ሙዚየም ታግባ ብዬ አልመልስለትም፤ እህቱ ትሰማለች።

እንዲያም ሆኖ አንድ ደላላ በር ድረስ መጥቶ ነበር። መኪናዋን ዞሮ አየና ቼኳ ላይ ሲደርስ ሳቀ። «ይሄማ ምን ችግር አለው? አምፖሏን ማስነቀል ነው!» መኪና ለምትገዙ ሰዎች ይህን ልንገራችሁ፦ ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። ያኔ የባትሪው፣ የዘይቱ፣ የቼኩ፣ ሁሉም መብራት አንድ ላይ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ይጠፋሉ። ሁሉም በርቶ ቼኳ ብቻ ጨለማ ከሆነች መኪናዋ ጤነኛ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰው አፏን ይዟታል።

ጋራዡን በስም አልጠራውም፤ ልጆቹ ትሑቶች ናቸው፣ ሻይም ይጋብዛሉ። ከመሪው ሥር ስካነሩን ሰኩ፤ «ኮምፒውተር ማድረግ» ይሉታል። የወጣው ኮድ ፒ0171 ነበር። ኮዱ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ድብልቁ ሳስቷል፤ ከቤንዚኑ አየሩ በዝቷል። የቤንዚን ሞተር በክብደት ለአንድ እጅ ቤንዚን ወደ 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል። ጭስ ማውጫው ላይ የተሰካው ኦክስጅን ሴንሰር ከቃጠሎው የተረፈውን ኦክስጅን እየለካ ለኮምፒውተሯ ይናገራል። ኦክስጅን በዛ ሲላት ቤንዚን ትጨምራለች፤ አሁንም በዛ ሲላት አሁንም ትጨምራለች፤ መጨመሩ ከልክ ሲያልፍ ቼኳን ታበራለች። ቤንዚን የጠጣችውም፣ ግቢው የሸተተውም ለዚህ ነው።

ሜካኒኩ ኮዱን አንብቦ ሲጨርስ ፍርዱን ሰጠ፦ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል።» አለቃው ደግሞ ጠለቅ ያለ ሐሳብ ነበረው። «መኪናዋ የመጣችው ከዱባይ ነው፣ ከባሕር ጠርዝ። የአዲስ አበባ ከፍታ አልተስማማትም።» ይህ ትንታኔ ሲነገር ያምራል፣ ግን ልክ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ የሚጫነን ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ በሚሆን ጉልበት ነው። ነገር ግን ሴሊካ የምታስገባውን አየር በክብደቱ የምትለካበት መሣሪያ አላት፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም ትቀንሳለች። ከፍታው የሚወስድባት ጉልበት ነው። ፋብሪካው ከሰጣት 140 ያህል ፈረሶች ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚጠጉት ከጅቡቲ ሲመጡ ዳገቱን አይተው አዋሽ ላይ ቀርተዋል። የቀሩትን ደግሞ የላፍቶ መንገድ መቼም አያስጋልባቸውም።

ለማንኛውም ሴንሰር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድን። «አዲስ ቻይና ልስጥህ ወይስ ዩዝድ ኦሪጅናል?» አለ ሻጩ፤ በመርካቶ ሕግ መልሱ የታወቀ ነው። ዩዝድ ኦሪጅናሉን ይዘን ተመለስን፤ ሜካኒኩ ሲቀይር አማቼ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለም፤ አሮጌውንም በጋዜጣ አስጠቅልሎ ተቀበለ። አሮጌ ዕቃህን ካልተቀበልክ ምን እንደተቀየረልህ አታውቅም፤ ይህ በሁሉም ጋራዥ የሚሠራ ደንብ ነው። ኮዱ ጠፋ፣ ቼኳ ጠፋች፣ ተጨባበጥን።

እንደተለመደው ተመልሳ በራች።

እዚህ ላይ የኮምፒውተሯን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ችኩል አይደለችም። እንዲህ ያለውን ጥፋት አንድ ጊዜ ስታይ በውስጧ ትይዘዋለች፤ በሚቀጥለው ጉዞ ደግማ ካየችው ነው የምታበራው። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ኮዱ ከተሰረዘ መብራቷ ለጊዜው መጥፋቷ አይቀርም፤ የተጠገነም ያልተጠገነም ጠፍቶ ይወጣል። ሒሳብ የሚከፈለውም በዚያ መሃል ነው። ጥፋቱ በእውነት ከተወገደ ግን ማንም ሳይነካት፣ ሦስት ጉዞ ተከታትሎ ንጹሕ ሆኖ ስታገኘው፣ ራሷ ታጠፋዋለች።

ሴንሰሩ ምን አደረገ? ምስክር ነው። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን አይቻለሁ አለ፤ ያየውን ተናገረ። እኛ ደግሞ ሌባው ሲጠፋን ምስክሩን አሰርነው፤ በምትኩ ሌላ ምስክር ከሶማሌ ተራ አመጣን፤ እሱም ያንኑ ቃል ሰጠ።

አማቼ በዚህ ጊዜ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ገዛ። ከኮዱ ይልቅ የጠቀመን ከሥሩ የሚሮጡት ቁጥሮች ናቸው። መኪናዋ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ኮምፒውተሯ ከልኩ በላይ 20 በመቶ ያለፈ ቤንዚን ትጨምራለች፤ ነዳጅ ተረግጦ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲደርስ ግን ጭማሪው ወርዶ ወርዶ አንድ አሃዝ ውስጥ ይገባል። የሞተ ሴንሰር እንዲህ ዓይነት ልዩነት አይመርጥም። ይህ ሞተሩ ቀስ ሲል የሚጎላ፣ ሲበረታ የሚዋጥ የአየር ቀዳዳ ነው። የመግቢያውን ጎማ ቱቦዎች በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ብንነፋቸው ቀዳዳ ቢኖር ሞተሩ ድምፁን ይቀይር ነበር። አልቀየረም። የቀረው መውጫው ነው።

ወደ ሐና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ማርሚታ የሚበይዱ አዛውንት አሉ። ታሪኩን ነገርናቸው፤ ቁጥሮቹን አማቼ ሊያሳያቸው ስልኩን ሲያወጣ በእጃቸው ከለከሉት።

«ጋራዥ ስትወስዷት ሞቃ ነበር ወይስ ቀዝቅዛ?»

«ሞቃ ነበር አባባ፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው የደረስነው።»

«በሉ እኔ ጋ ሞቃ እንዳታመጧት። ጠዋት ሳትነሳ እመጣለሁ።»

ማለዳ መጡ። ኮፈን አላስከፈቱም፤ ስለዚህ ሰው አልተሰበሰበም፣ ይህ ራሱ ትልቅ ዘዴ ነው። ድንጋይ አስደግፈው በክሪክ አነሷት፤ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡ። አማቼ ሞተሩን አስነሳ። እኔ የታዘዝኩት እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ የማርሚታዋን አፍ ለአፍታ እንድይዝ ነው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ እጄን ገፋኝ፤ ያኔ ከመኪናዋ ሆድ ትክ-ትክ-ትክ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ከሞተሩ ምት ጋር እኩል ይሄዳል። አዛውንቱ የአንድ ክንድ የውሃ ጎማ አንዱን ጫፍ ጆሮአቸው ላይ፣ ሌላውን በብረቱ ዙሪያ እያንቀሳቀሱ ፈለጉት። ከዚያ በቆርቆሮ ኦሞ የተበጠበጠ ውሃ ተቀብለው በሰፍነግ ቀቡት። ከሞተሩ የሚወርደው ማኒፎልድና የፊተኛው ቱቦ በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ፣ ከሴንሰሩ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አረፋ ጉብ ጉብ አለ። ጨርቁን ለቀቅ ሳደርግ አረፋው ጉብ ማለቱን ትቶ ወደ ውስጥ ተጠባ። በአረፋው ሥር የሽበት ፀጉር የምትመስል ቀዳዳ ነበረች፤ ዙሪያዋ በጥላሸት ጠቁሯል።

«ግቡና እዩት» አሉን። አማቼ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ገባ።

ጭስ ከሞተር የሚወጣው አንድ ወጥ ሆኖ አይደለም፤ በምት በምት ነው። በሁለት ምት መሃል ቱቦው ለቅጽበት ወደ ውስጥ ይስባል፤ በቀዳዳዋም የላፍቶን አየር ይጠጣል። ሴንሰሩ ያየው ኦክስጅን ሞተሩ ውስጥ ያልገባ፣ ከመንገድ ላይ የተሳበ ነው። ሞተሩ ሲበረታ ምቶቹ ስለሚቀራረቡ መሳቡ ይቀንሳል፤ ብረቱ ሲግል ደግሞ ይለጠጥና ቀዳዳዋን ይደፍናታል። መኪናዋ በትራፊክ ስትጠበስ ቆይታ ጋራዥ ስትደርስ የሚገኝ ነገር የሌለው ለዚህ ነበር። መገጣጠሚያውን ያጣመመውንም መፈለግ አላስፈለገም፤ ከሥሩ ያለው ቱቦ ላይ ጉብታው የፋቀው ጭረት እያብለጨለጨ ነው።

ፍላንጁ ተቃና፣ ጋርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ቱቦውን የሚያንጠለጥለው ላስቲክም ጠበቅ ተደርጎ ሆዷ በአንድ ጣት ያህል ከፍ አለ። አማቼ ስልኩን አውጥቶ ኮዱን ሊሰርዝ ሲል አዛውንቱ ቆጣ አሉ። «ተዋት! ራሷ ታጥፋው። አንተ ያጠፋኸውን መብራት እኔ ምን ብዬ አምናለሁ?» ሒሳባቸውንም መብራቷ በራሷ ስትጠፋ እንደሚቀበሉ ተናግረው ሄዱ። ጠፋች፤ ከፈልን። አማቴ የሐና ማርያም ጸበል ቀስ ብሎ የሚሠራ መሆኑን ለጎረቤት አስረዱ። ጉብታውን ዝቅ ለማድረግ ያቀረብነው ሐሳብ ግን በጎረቤት ስብሰባ ላይ ድጋፍ አላገኘም። አሁን ሴሊካ ጉብታውን የምታልፈው በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጎማ ነው፤ ዘበኛው በእጁ እየመራ፣ ከኋላ ባጃጆች ክላክስ እያንባረቁ።

የቀረን ያ በጋዜጣ የተጠቀለለው ሴንሰር ነው። በጥፋቱ ያልወጣ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ስለከበደን ለመሸጥ ሶማሌ ተራ ይዘነው ወረድን፤ እዚያው ሱቅ፣ ያው ልጅ።

«ይሠራል?» አለ እያገላበጠ።

«ምንም የለበትም፤ ሙሉ ጤነኛ ነው» አለ አማቼ።

«ቼክ አያበራም?»

«እሱ አልነበረም ያበራው።»

«ታዲያ ጤነኛ ከሆነ ለምን አወጣችሁት?»

አማቼ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ የማላውቃትን መኪና ፍሬቻ አንስቼ ማየት ጀምሬያለሁ። ልጁ ከኋላው ያለውን መደርደሪያ በአገጩ አሳየን፤ ከታች እስከ ላይ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። «ይኸውልህ፣ ይሄ ሁሉ ጤነኛ ነው ተብሎ የመጣ ነው» አለና ከሸጠልን ዋጋ ሲሶውን ጠራ።